ክራር ይዤ ቤት ፍለጋ፦ ከሐወሊ እስከ አሕመዲ

ኩዌት ውስጥ ከምኖርበት ከሐወሊ የወጣሁት ጁምአ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጉዳዬ ቤት ፍለጋ ነበር። ሰባት ዓመት የኖርኩበት ሕንፃ ሊፈርስ ስለሆነ ተከራዮቹ በወሩ መጨረሻ ለቅቀን እንድንወጣ ተነግሮናል። የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤትም በኮሮና ምክንያት የሐወሊውን ሱቅ ዘግቶ ፋሃሂል ወዳለው ጠቅልሎ ገብቷል። ስለዚህ ወደ ደቡብ መሄዴ አይቀርም። የቀረው ማህቡላ ልግባ ወይስ አሕመዲ የሚለው ነው።

ለሌላ ሰው ይህ የኪራይና የአውቶቡስ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ክራር እጫወታለሁ። ከኮሮና በፊት ጁምአ ጁምአ የአገሬ ልጆች ልደት፣ ክርስትናና ኒካህ ላይ እየዘፈንኩ ግማሽ እንጀራዬን ከዚያ አገኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እንጀራው ቢቀርብኝ እንኳ ዘፈኑ እንዲቀርብኝ አልፈልግም። በሽታው ከገባ ጀምሮ ግን ለአንድ ዓመት ተኩል ማንም አልጠራኝም። አዳራሽ ተዘጋ፣ መሰብሰብ ተከለከለ፣ በሰው ቤት የሚሠሩት ልጆች የዕረፍት ቀናቸውን ተነጠቁ። እኔም ክፍሌ ውስጥ ለኤሲው ስዘፍን ከረምኩ። አሁን መንገዱ ሲከፈት እንደ አዲስ የምጀምርበት ሠፈር መምረጥ አለብኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰሚ የሌለበት ቦታ ከገባሁ ሌላ ጊዜ የምጀምር አይመስለኝም፤ ክራሩም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ከሦስት ቀን በፊት ማህቡላ የምትኖረው ሰናይት ደውላልኝ ነበር። ሰናይት በአንድ የጽዳት ኩባንያ ተቆጣጣሪ ናት። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በጋራ በተከራዩት አፓርታማ ውስጥ አንድ ክፍል ተለቅቋል።

«ትርንጎ፣ ጁምአ ነይና ክፍሉን እይው» አለችኝ። «ትንሽ ልደት ቢጤ አለችን። ክራርሽንም ያዢ፣ ልጆቹ ይስሙሽ። ስትመጪ ደግሞ በሚሽሪፍ በኩል አልፈሽ ዘሀራን ይዘሻት ነይ። ለማዳሟ ልደት ነው በያት።»

የማን ልደት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኳትም። «ልጆቹ ይስሙሽ» የሚለው ነገር ሌላውን ሁሉ አስረሳኝ።

ሚሽሪፍ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

ከሐወሊ እስከ ሚሽሪፍ በታክሲ ሁለት ዲናር ከፈልኩ። ሹፌሩ ከኋላ ወንበር የሚለየውን ላስቲክ ግልጥ አድርጎ ክራሩን አየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የአገሬ ጊታር ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ መስከረም ገብቶም አልበርድ ስላለው ሙቀት ስናማርር ደረስን።

ሚሽሪፍን አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት የሠራሁት እዚያ ነው፤ ከዘሀራ ቤት ሦስተኛው ግቢ። ሰፋፊ ቤቶች፣ የተከረከመ ዛፍ፣ ጠዋት ጠዋት የሚታጠብ መኪና፣ ከዚያ ውጭ ሰው የማይታይበት ጸጥ ያለ ሠፈር ነው። ከዘሀራ ጋር የተዋወቅነው በቆሻሻ ገንዳ ነው። ሁለታችንም ቆሻሻ የምንጥልበትን ሰዓት አመሳስለን፣ በየማታው አምስት ደቂቃ ገንዳው አጠገብ ቆመን እናወራ ነበር። አንዳንድ ቀን የሚጣል ሲጠፋ ባዶ ፌስታል ነፍተን ይዘን እንወጣለን። ወሎዬነታችንን ያወቅነው እዚያ ነው፤ እሷ ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ካለች መንደር፣ እኔ ከኮምቦልቻ ከተማ።

በሩ ላይ የጠበቁኝ ማዳሟ ናቸው። በአንድ እጃቸው የሙቀት መለኪያ፣ በሌላው አልኮል ይዘዋል። ግንባሬን ለኩ፣ መዳፌ ላይ ረጩ፣ ስልኬ ላይ ያለውን የክትባት አረንጓዴ ምልክት መነጽራቸውን አድርገው አዩ። የማን ልደት ነው ሲሉኝ የሰናይት ነው አልኩ። ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገቡና ከማቀዝቀዣ የወጣ ትልቅ የኬክ ሳጥን ይዘው ተመለሱ።

«ወደ ልደት ባዶ እጅ አይኬድም» አሉ በዓረብኛ። ወደ ዘሀራም ዞረው «ገብል አልመግሪብ» አሏት። ከመግሪብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሺ ማለታቸው ነው።

ዘሀራ ሁለት ማስክ ደርባ፣ ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋ፣ ኬኩን በሁለት እጇ አቅፋ ወጣች። ከዚያ በር ለዕረፍት ስትወጣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ታክሲው ውስጥ መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። ሹፌሩ ኤሲው ተቃጠለ ብሎ ቢያጉረመርምም አልሰማችውም።

መንገዱን ሙሉ የምታወራው ስለ አባቷ ነበር። አባቷ ጋሼ ሰይድ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። በስልክ መነጋገር ስለማይችሉ ሰላምታቸውን የሚያደርስላት ወንድሟ ነው።

«ለጆሮው የሚሆን መሣሪያ ገዛሁለት» አለችኝ። «ትንሽዬ ናት፣ ከባቄላ አትበልጥም። በፖስታ አልክም፤ ኢጃዛ ወስጄ አገሬ ስሄድ ራሴ ነኝ የማደርግለት። ከዚያ ያንቺን ክራር አሰማዋለሁ።»

እኔም ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ የምፈልግ ሴት ነኝ፤ መስማት የተሳናቸው እንኳ አይቀሩብኝም።

ማህቡላ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ከሚሽሪፍ ማህቡላ ሦስት ዲናር፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ከትልቁ ጎዳና ወደ ባሕሩ ስንታጠፍ ሌላ አገር የገባን መሰለን። ባለ አሥርና ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃዎች ተጠጋግተው ቆመዋል። በመካከላቸው ባለው ባዶ አሸዋ ላይ የኩባንያ አውቶቡሶች ተደርድረዋል። በረንዳው ሁሉ ልብስ ተሰጥቶበታል። ሠፈሩ በመጀመሪያው የኮሮና ዓመት በሽቦ ታጥሮ፣ ሰው እንዳይገባና እንዳይወጣ ተደርጎ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። አሁን ግን የኢራን ዳቦ መጋገሪያው ፊት ሰልፍ አለ፣ የስልክ ካርድ ሻጮች ይጣራሉ፣ ሰው ይጋፋል። ለዘፋኝ እንዲህ ያለ ግርግር ደግ ምልክት ነው ብዬ በልቤ ነጥብ ሰጠሁት።

ሊፍቱ ላይ ከሁለት ሰው በላይ አይግቡ የሚል ተለጥፏል፤ ስድስት ሆነን ገባን። ስምንተኛ ፎቅ ላይ በሩ አጠገብ የወለቀውን ጫማ ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት ጥንድ። ከኮሮና ወዲህ ያየሁት ትልቁ ተመልካች ነው።

ሰናይት በሩን ከፈተች። ኬኩን ስታይ ክው አለች። ከዘሀራ ተቀብላ ወዲያው ወደ ኩሽና ይዛው ገባች። ውስጥ ያሉት ሴቶች ከኮሮና በፊት በየጁምአው የሚያገኟትን ዘሀራን አንድ በአንድ እየተነሡ አቀፏት፤ አቅፈውም ቶሎ አይለቋትም። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ከድጃ ናቸው። የሐርቡ ሰው ናቸው፤ ሠፈሩ ውስጥ ዱዓ የሚያደርጉትም የታመመ የሚጠይቁትም እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ምነው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አረጀሁባችሁ?» ብላ ሳቀች ዘሀራ።

«ነይ አረፍ በይ። መጀመሪያ እንብላ» አለች ሰናይት።

«አይሆንም። መጀመሪያ ትርንጎ ትጫወት። ይኼን ሁሉ ጊዜ በስልክ ነው የሰማኋት።»

ሰናይት እትዬ ከድጃን አየቻቸው። እሳቸው ወለሉን አዩ። አይሆንም ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም ክራሬን ከከረጢቱ አውጥቼ መቃኘት ጀመርኩ።

ዘፋኝ የሚዘፍነው የሰው ፊት እያየ ነው። ፈገግ ያለውን፣ የሰለቸውን፣ ሊያለቅስ የደረሰውን እያየሁ ነው ስልት የምቀይረው። ያን ቀን ግን ሁሉም ማስክ አድርገዋል። የሚታየኝ ዓይን ብቻ ነበር። በባቲ ቅኝት ጀመርኩ። ሁለት ስንኝ ሳልሄድ ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። ገባሁላቸው አልኩ በልቤ። የአገር ናፍቆት ነክቷቸዋል፣ ክራሬ አልዛገም፣ ማህቡላ የእኔ ናት። እየዘፈንኩ ክፍሉን ተከራየሁት፤ አልጋዬን የት እንደማደርገው ሁሉ አሰብኩ። እነሱ እንባቸውን በሻርፕ በጠረጉ ቁጥር እኔ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ዘሀራ እያጨበጨበች ተነሣች። በእኛ ዘንድ ሰሚው ለዘፋኙ ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኙም ተቀብሎ ያንኑ ያዜማል። እሷም «ተቀበይኝ» አለችና ሰጠችኝ፦

መንገዱ ቢዘጋም ይከፈታል አሉ፣
አባቴን ንገሩት መጣሁልህ በሉ።

ተቀበልኩ። ደግሜም አዜምኩት። ግጥም የሰጠን ሰው መመረቅ ደግሞ የሙያው ደንብ ስለሆነ ከራሴ ጨምሬ በስማቸው መረቅኩ። ጋሼ ሰይድ ዕድሜህ ይርዘም፣ ጋሼ ሰይድ ደጅህ ይሙላ፣ ልጅህን ለዓይንህ ያብቃት እያልኩ ሦስት ጊዜ መለስኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ ስመልሰው ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሁለት ጆሮዋን ይዛ «ኧረ በቃሽ፣ በፈጣሪ ተይን» አለች።

እጄ ክሩ ላይ ቀረ። ዘሀራ እጆቿን ለማጨብጨብ እንደዘረጋች ቆማ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ሁለቱንም ማስክ አወለቀች።

«አባቴ ነው?» አለች።

 እትዬ ከድጃ እየተንፏቀቁ ወደ እግሯ ተጠጉ።

«ልጄ፣ አላህ ወስዶታል። እሱ የፈቀደው ሆነ።»

«መቼ?»

«ካቻምና ሐምሌ ላይ።»

ዘሀራ በጣቷ ቆጠረች። ዓይኔ እያየ አሥራ አራት ወር ቆጠረችና እንደ ቆመች ወደቀች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አልጽፈውም። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ዘግይቶ የመጣ ለቅሶ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። እየጮኸች የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ለረመዳን ደኅና ነው ያላችሁኝ ማን ነበር፣ ለአረፋ የመረቀኝ ማን ነበር ትላለች። ሴቶቹ ያቅፏታል፣ እሷ ትገፋቸዋለች፣ እንደገና ያቅፏታል። በመጨረሻ እትዬ ከድጃ ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም እስላም ክርስቲያን ሳንል እጃችንን ዘርግተን አሜን አልን።

እኔ ክራሬን ይዤ ወደ ኩሽና ሸሸሁ። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ንፍሮ ነበር። የለቅሶ ቤት ንፍሮ። መጀመሪያ ኩሽና ገብቼ ቢሆን ኖሮ ያን ድስት አይቼ ይገባኝ ነበር። የማዳም ኬክ ማቀዝቀዣው ላይ ከነሳጥኑ ተቀምጧል።

ሰናይት ተከትላኝ ገባች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ፊትሽ አይደብቅም፣ ትርንጎ። ታክሲ ውስጥ ታውቅብሽ ነበር። በልታ ነበር እኮ ልንነግራት ያሰብነው፤ ከሰማች በኋላ እህል አትቀምስም ብለን።»

«ክራሩንስ ለምን አስያዛችሁኝ?»

«ክራር ካየች አትጠረጥርም አልን። ወንድሟ አደራውን የሰጠው ለእኛ ነው። ምን እናድርግ፣ በስልክ እንንገራት? ሰው ቤት፣ ብቻዋን፣ ትራሷን ነክሳ ታልቅስ? የምትወጣበትን ቀን ስንጠብቅ ነው ዓመት ያለፈው።»

 መርዶ በወጉ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ በቀስታ ይነገራል። በክራር ያረዳሁ የመጀመሪያዋ ሰው ሳልሆን አልቀርም። እዚህ ቤት ሁለተኛ ክራር የሚያስነካኝ የለም ብዬ ደመደምኩ። ስለ ክፍሉም አልጠየቅኩ፣ በሩንም አልከፈትኩት።

ንፍሮው ሲታደል አንድ ነገር አየሁ። ጥግ ላይ የነበረችው ልጅ ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳ ወጣች። «እማዬን አሳየኝ። አይ፣ አሁን። በቪዲዮ» ስትል ይሰማል። እሷ ስትገባ ሌላዋ ወጣች። ከዚያ ሌላዋ።  ሰናይትም ወጣች።

ወደ ሚሽሪፍ መልስ

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዘሀራን ይዤ ወጣሁ። ታክሲው ውስጥ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄድን ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ማይልኝ።»

«ማርያምን።»

 «እንግዲያው እዚያ ቤት ያልዋሸሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለች። 

ማዳም በር ላይ የሙቀት መለኪያቸውን ይዘው ቆመዋል። የዘሀራን ፊት ሲያዩ እጃቸው ወረደ። ዘሀራ «አቡይ ማት» አለች። አባቴ ሞተ ማለቷ ነው። መቼ ብለው ጠየቋት። አሥራ አራት ወር የሚለውን በዓረብኛ ልታስረዳ ሞከረች፤ ሲያቅታት በጣቷ ቆጠረችላቸው። ሴትዮዋ ደግመው አልጠየቋትም። ያን ሁሉ ወር ሁለት ክንድ ርቀው ሲያናግሯት የኖሩ ሰው፣ መለኪያውን ደጁ ላይ በቆመው መኪናቸው ኮፈን ላይ አስቀመጡና ጭምቅ አድርገው አቀፏት። እኔ የግቢውን በር ቀስ ብዬ ዘግቼ ሄድኩ።

አሕመዲ፣ ቅዳሜ ረፋድ

በማግስቱ በአውቶቡስ፣ በሦስት መቶ ፊልስ፣ ፋሃሂል ወረድኩ። የአሕመዲ ታክሲ እስካገኝ ዓሣ ገበያው አጠገብ ካለው ሱቅ ገብቼ የመንጠቆ ናይለን ገዛሁ፤ ለክራር ክር ከዚያ የሚሻል የለም። ሻጩ ምን ዓይነት ዓሣ እንደማጠምድ ጠየቀኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቀልድበት ነበር። ከፍዬ ወጣሁና ክራር ላልነካ ክር መግዛቴ ምንድን ነው ብዬ ራሴን ታዘብኩ።

አሕመዲ የነዳጅ ኩባንያው ከተማ ነው። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ጓሮ አላቸው፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ዛፍ ያለብሰዋል። ኩዌት ውስጥ በጥላ ብቻ አንድ ሠፈር ጨርሶ መሄድ ይቻላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ክፍሉን የሚያሳዩኝ እትዬ አልማዝ ሃያ ዓመት እዚህ የኖሩ፣ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ምግብ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ከእሳቸው ክፍል ጎን ያለውን አሠሪያቸው ያከራዩታል። ሰማንያ ዲናር፣ የራሱ በር፣ መስኮቱ ወደ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ የሚከፈት። ፉል በዳቦ አቀረቡልኝና «እስቲ ሞክሪው» አሉኝ ክራሩን እያሳዩ።

አንድ ሁለት ክር ነካሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ስምንተኛ ፎቅ ላይ እንደዚያ አይወጣም። እሳቸው ሽንኩርት እየላጡ ሰሙኝ፤ ከእሳቸው በቀር ግን የሰማኝ የለም፣ የሚሰማኝም አይመጣም። ደስ አለኝ። እዚህ ማንንም አላስለቅስም አልኩ።

የትናንቱን ነገርኳቸው። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«እኔ የእናቴን የሰማሁት ቦሌ ነው» አሉ። «በሞተች በሦስት ዓመቷ። ሻንጣ እየገፋሁ ስወጣ ዘመድ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ተሰልፏል። ሦስት ዓመት ሙሉ መቀነት ስገዛላት፣ ነጠላ ስገዛላት ነበር። ሻንጣውን ሳልከፍተው ነው የተመለስኩት።»

«ቀድመው ቢነግሩዎት ይሻል ነበር?»

«እሱን አላውቅም። ግን ካለቀስኩ በኋላ የምሄድበት ሰው ቢኖረኝ ይሻል ነበር። ተመልሼ እዚች ክፍል ገባሁ፣ በነጋታው ምሳ ሠራሁ።»

ሌላ ፈላጊ ስላለ እስከ መግሪብ ቁርጤን እንዳሳውቃቸው ነገሩኝ። ልቤ ግን ቆርጦ ነበር። ጥላ አለው፣ ርካሽ ነው፣ አያሳፍርም። አውቶቡስ ላይ ሆኜ የዕቃ መጫኛ መኪና ዋጋ እንኳ ጠየቅኩ።

ሐወሊ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ከዘሀራ የድምፅ መልእክት ገባ። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ትርንጎዬ፣ ማዳም ለሚቀጥለው ጁምአ የአራት ሰዓት ፈቃድ ሰጥታኛለች። ሂጂ ከሰዎችሽ ጋር ሁኚ አለችኝ። ዱዓውን እትዬ ከድጃ ያደርጉልኛል። እሱ ካለቀ በኋላ ግን ትናንት የተቋረጠውን እንድትጨርሽልኝ እፈልጋለሁ። እትዬ ከድጃ ክራር ለሐዘን አይሆንም ይላሉ፤ እኔ አስፈቅዳቸዋለሁ። አባቴን በስሙ የጠራው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሌላው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ስሙን ሲሸሽ ነበር። አሁን ቤት ቀይረሽ የለ? የት ልምጣ?»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ዋጋ ስጠይቅ፣ ግድግዳ ስነካ፣ የክፍሉን ድምፅ ስፈትሽ ነበር። ዘሀራ የጠየቀችኝን ግን አንድ ጊዜም አልጠየቅኩም። ለዘፋኝ ሠፈር ሲመረጥ የሚለካው መንገድ፣ አራት ሰዓት ብቻ የተፈቀደላት ሴት ካለችበት በር ተነሥታ፣ ሰምታ፣ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ የምትመለስበት መንገድ ነው። አሕመዲ ብትመጣ እኔና እትዬ አልማዝን ታገኛለች። ሌሎቹ አሥራ አራቱ ግን የት ይቀመጣሉ? በረንዳ ላይ ተራ የያዙት ሁሉ አንድ ቀን ይደርስባቸዋል፤ ያን ቀን እኔ ከቁርቁራ ዛፍ ስር ተደብቄ ምን ልሠራ ነው?

ለሰናይት ደወልኩ። አፍሬ ስለነበር ሰላምታዬ ረዘመ።

«ክፍሉ ተያዘ?» አልኳት በመጨረሻ።

«ያንቺ አይደል እንዴ? ሳታይው ወጥተሽ ሄድሽ እንጂ» አለች። «ልጆቹ እኮ ትመጣለች አትመጣም እያሉ ጠዋትም ሲጠይቁኝ ነበር።»

«ከትናንቱ በኋላ?»

«ከትናንቱ በኋላ።»

ለእትዬ አልማዝ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ጁምአ ከተመቻቸው እንዲመጡም ለመንኳቸው። ከዚያ ለዘሀራ «ማህቡላ ነይ። ሳላቋርጥ እጫወትልሻለሁ» ብዬ ጻፍኩላት።